ሐረጎን መሳል

ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች፤ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ። በመካከላቸው ያለው የመኪና መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው። በዚህ አጭር መንገድ ሐረጎ የሚባለውን ጠመዝማዛ ቁልቁለት የወረደ ሰው ከ600 ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዷል። ደሴ ላይ ጋቢውን ተከናንቦ የተሳፈረ ሽማግሌ ኮምቦልቻ ሲደርስ አጣጥፎ ክንዱ ላይ ያደርገዋል። አየሩ በየ1,000 ሜትሩ 6 ዲግሪ ተኩል ያህል ስለሚለዋወጥ፣ በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው ልዩነት አራት ዲግሪ አካባቢ ነው። አራት ዲግሪ በወሬ ትንሽ ይመስላል፤ ማታ ማደሪያ ክፍሉ ውስጥ ቁጭ ብሎ ለፈተና ለሚያነብ ተማሪ ግን ብዙ ነው።

ወሎ ዩኒቨርሲቲ በሁለቱም ከተሞች ግቢ አለው። የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱ ያለው ኮምቦልቻ ሲሆን አርክቴክቸርም የሚሰጠው እዚያው ነው። የአርክቴክቸር ተማሪ በስቱዲዮ ትምህርቱ ከትንሽ መኖሪያ ቤት ይጀምርና ዓመት በዓመት ሥራው እየሰፋ ይሄዳል፤ ወደ መጨረሻው ሲቃረብ የዩኒቨርሲቲ ግቢ፣ መናኸሪያ ወይም የባቡር ጣቢያ የሚያህል ነገር እንዲነድፍ ይጠየቃል። ይህን ምዕራፍ ለእነዚህ ሥራዎች የሰጠሁት በምክንያት ነው። ብዙ ሰው በየቀኑ የሚረግጣቸው ሕንፃዎች እነዚህ ናቸው፤ ስለ አነዳደፋቸው ግን የተማሪ ሥራ ከሚገመገምበት ከጁሪ ክፍል ውጭ ብዙም አይወራም።

የምለው አንድ ነገር ነው፦ በደሴና በኮምቦልቻ የሚሠራ አርክቴክት ከሁሉ አስቀድሞ መሳል ያለበት ሴክሽኑን ነው። ፕላን ሕንፃውን ከላይ ወደ ታች ያሳያል፤ የክፍሎቹን ስፋትና የበሮቹን ቦታ ይነግረናል። ሴክሽን ግን ሕንፃውን ከነመሬቱ ከላይ እስከ ታች ሰንጥቆ በጎን ያሳያል። መሬቱ የት እንደሚነሳ፣ ውሃው ወዴት እንደሚሄድ፣ ፀሐይዋ እስከ የት እንደምትገባ፣ ሻንጣ የተሸከመች እናት ስንት ደረጃ እንደምትወጣ የሚታየው እሱ ላይ ነው። ሜዳ ላይ የሚነድፍ ሰው ፕላኑን ጨርሶ ወደ ሴክሽኑ ቢመጣ ያን ያህል አይጎዳም። ደሴ ላይ፣ ጦሳ ተራራ ሥር የሚነድፍ ግን ፕላኑን ካሳመረ በኋላ መሬቱ እንደማይቀበለው ሲረዳ ጊዜው አልፎበታል፤ ያን ጊዜ የሚቀረው ዶዘር አስገብቶ ተራራውን መቁረጥ ብቻ ነው።

የኮምፒውተሩ ሶፍትዌር ለዚህ ስህተት ይጋብዛል። ተማሪው ሲከፍተው የሚጠብቀው ዳር የሌለው ጠፍጣፋ ሜዳ ነው። የከፍታ መስመሮቹን፣ ማለትም ተማሪዎቹ ኮንቱር የሚሏቸውን፣ ራሱ ካላስገባ በቀር ደሴም ሆነ በረሃማዋ ሰመራ እስክሪኑ ላይ አንድ ናቸው። ስለዚህ ጥሩ አስተማሪ ተማሪዎቹን ሕንፃው ወደሚቆምበት ቦታ፣ ወደ ሳይቱ፣ ይዞ ወጥቶ በእግር ያስለካቸዋል። ከዚያም ካርቶኑን በየኮንቱሩ ቆርጠው፣ አንዱን በአንዱ ላይ ለጥፈው የመሬቱን ሞዴል ይሠራሉ። ሥራው አሰልቺ ነው፤ ሌሊቱን ይፈጃል፤ ጣት ያስቆርጣል። ነገር ግን በ1 ለ500 ልኬት አንድ ሚሊ ሜትር ተኩል ውፍረት ያለው ካርቶን በመሬቱ ላይ 75 ሳንቲ ሜትር ማለት ነው። ያን ካርቶን 20 ጊዜ የደረደረ ተማሪ 15 ሜትር ቁልቁለት ምን እንደሆነ በእጁ ያውቀዋል።

አሁን ወደ ግቢው እንግባ። በ1990ዎቹ ማብቂያ መንግሥት በአንድ ጊዜ 13 አዳዲስ ዩኒቨርሲቲዎችን ሲያስገነባ ወሎ ከእነዚህ አንዱ ነበር። ግንባታውን የጀርመኑ የልማት ድርጅት ጂ.ቲ.ዜድ. ያስተባብር ስለነበር ፍጥነትና ወጪ ትልቅ ትኩረት ተሰጣቸው። ለዚህም ሲባል የመማሪያ፣ የማደሪያና የመመገቢያ ሕንፃዎቹ መደበኛ ንድፍ ተዘጋጅቶላቸው ከከተማ ከተማ ተደጋገሙ። ውሳኔው በጊዜው ምክንያት ነበረው፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከፍተኛ ትምህርት በማያውቁ ከተሞች በአሥር ሺዎች ለሚቆጠሩ ወጣቶች አልጋና ወንበር ማዘጋጀት ቀላል አይደለም። ሰመራ ግን ከባሕር ጠለል በላይ 500 ሜትር እንኳ የማይሞላ፣ ሙቀቱ የሚያቃጥል በረሃ ነው። ደሴ ደግሞ ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊቱ አጥንት የሚነካ ደጋ ናት። ለሁለቱ የሚስማማ አንድ ሕንፃ አለ ብዬ አላምንም። ዛሬ የግቢ ማስፋፊያ እንዲነድፍ የሚታዘዝ ተማሪ ትልቁ ዕድሉ እዚህ ላይ ነው፤ የሚኖርበትን ሕንፃ ጉድለት ከመጽሐፍ ሳይሆን ከራሱ አልጋ ያውቀዋል።

ለምሳሌ ፀሐይን እንውሰድ። ደሴና ኮምቦልቻ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11 ዲግሪ ላይ ናቸው። በታኅሣሥ ቀትር ላይ ፀሐይዋ በደቡብ በኩል 55 ዲግሪ ያህል ከፍ ብላ ትቆማለች። እንግዲህ ከወለሉ 2 ሜትር ከ10 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ላይ የሚያልቅ ደቡብ ተመልካች መስኮት፣ ከላዩ መከለያ ከሌለው፣ ፀሐይዋን አንድ ሜትር ተኩል ያህል ወደ ክፍሉ ያስገባታል። ደሴ ላይ ይህ በነፃ የተገኘ ማሞቂያ ነው፤ የቀኑን ሙቀት የሚይዝ የድንጋይ ወይም የሲሚንቶ ወለል ካገኘ እስከ ምሽት ይቆያል። ኮምቦልቻ ላይ ያው መስኮት የአንድ ሜትር ተኩል ክፈፍ ወይም በረንዳ ያስፈልገዋል፤ ካልሆነ ተማሪው መጋረጃ ዘግቶ በጠራራ ቀን መብራት ያበራል። ሁለቱ ግቢዎች በአንድ ዩኒቨርሲቲ ሥር ናቸው፣ መስኮታቸው ግን አንድ ሊሆን አይገባም። ከምሥራቅና ከምዕራብ የሚመጣው ዝቅተኛ ፀሐይ በክፈፍ ስለማይመከት የሕንፃው ረጅም ጎን ወደ ሰሜንና ደቡብ ቢዞር ለሁለቱም ይበጃል።

የደሴ ተዳፋት ግን ይህን አይፈቅድም ይሆናል። ረጅሙን ሕንፃ ኮንቱሩን ተከትሎ ማስተኛት መሬት ከመቁረጥ ያድናል፤ ኮንቱሩ ደግሞ ፀሐይን አስቦ አልተጠማዘዘም። እዚህ ላይ ተማሪው መምረጥ አለበት፤ ምርጫውንም በሴክሽን ማስረዳት አለበት። እኔ ብጠየቅ መሬቱን አስቀድማለሁ። የተሳሳተ አቅጣጫ በበረንዳ ይታረማል፤ ያለ አግባብ የተቆረጠ ተራራ ግን በየክረምቱ እየተመለሰ ሒሳብ ይጠይቃል።

ተዳፋት የሚሰጠው ጸጋም አለ። አራት ፎቅ ያለው ሕንፃ በገደል ጠርዝ ላይ ሲቆም፣ ከታች መንገድ የመጣ ሰው በምድር ቤቱ ይገባል፤ ከላይ መንገድ የመጣው ደግሞ ሁለተኛው ፎቅ ላይ በድልድይ ቢጤ ይገባል። አንዱ ሁለት ፎቅ ይወርዳል፣ ሌላው ሁለት ፎቅ ይወጣል፤ በእግሩ የሚሄድ ሊፍት አይፈልግም። በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ተማሪም ከላይኛው መንገድ ገብቶ ቤተ መጻሕፍቱን በሩ ላይ ያገኘዋል። ይህን በራምፕ ብቻ እንሥራው ብንል ሒሳቡ ያስፈራል፦ አንድ ሜትር ለመውጣት 12 ሜትር ራምፕ ያስፈልጋል፤ 20 ሜትር የከፍታ ልዩነት ባለበት ግቢ ማረፊያዎቹን ሳንቆጥር 240 ሜትር ራምፕ ማለት ነው። የደሴ ነዋሪ ዘዴውን ከድሮ ያውቀዋል። በታችኛው መንገድ በኩል ሱቅ፣ በላይኛው በኩል የመኖሪያ በር ያላቸው ቤቶች በተዳፋት ሰፈሮች ሁሉ ያጋጥማሉ። ተማሪ የውጭ መጽሔት ከማገላበጡ በፊት እነዚህን ቤቶች ለክቶ ቢስል ደስ ይለኛል።

ስለ ውሃ ሳልናገር ከግቢው መውጣት አልፈልግም። ደሴ ውስጥ በየመንገዱ ዳር የአፈር መያዣ ግንብ አለ። አንዱ ጋ ቆም ብላችሁ ተመልከቱት። በጥቁር ድንጋይ ተገንብቶ መገጣጠሚያው በሲሚንቶ ተሞልቷል፤ በየሜትሩ ወይም በየሁለት ሜትሩ ጠባብ የፕላስቲክ ቱቦ ጫፍ ብቅ ብሏል። ያ ቱቦ ግንቡ የሚተነፍስበት ቀዳዳ ነው። በሐምሌ ዝናብ ማግስት ከቱቦው ውሃ ሲንጠባጠብ ካያችሁ ግንቡ ጤነኛ ነው። ቱቦው በጭቃ ወይም በፌስታል ተደፍኖ ድንጋዩ መሃል ለመሃል ካረጠበ፣ ከጀርባው ውሃ ተጠራቅሟል ማለት ነው። ከጀርባው 4 ሜትር ከፍታ ያለው ውሃ የቆመበት ግንብ በእያንዳንዱ ሜትር ርዝመቱ 8 ቶን ያህል ተጨማሪ ግፊት ይሸከማል። ግንብ ገፍቶ የሚጥለው አብዛኛውን ጊዜ አፈሩ ብቻውን አይደለም፤ መውጫ ያጣው ውሃ ነው። የደሴ ተራሮች የጦሳና የአዝዋ ገደል ግርጌ የመሬት መንሸራተት የሚያውቀው አካባቢ በመሆኑ፣ በተማሪው ሴክሽን ላይ ከግንቡ ጀርባ ያለው ጠጠር፣ ቱቦው፣ ከላይ ያለው የውሃ መቀልበሻ ቦይ ሁሉ መሣል አለባቸው። 50 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1,000 ካሬ ሜትር ጣራ ላይ ሲወርድ 50,000 ሊትር ውሃ ነው፤ ደሴ ላይ የተለቀቀ ውሃ ደግሞ ቦርከናን ተከትሎ የሚወርደው ወደ ኮምቦልቻ ነው። የላይኛው ግቢ ጣራ የታችኛው ከተማ ጎርፍ ይሆናል።

አሁን መናኸሪያ። ከሁሉም የበለጠ የምወደው የተማሪ ሥራ ይህ ነው፤ ምክንያቱም ለመዋሸት አይመችም። ቤተ መዘክር ወይም የባህል ማዕከል የሚነድፍ ተማሪ በሚያምር ቅርጽ ሊሸፍን ይችላል። መናኸሪያ የሚነድፍ ግን ንጋት 11 ሰዓት ላይ ማን እንደሚመጣ መመለስ አለበት። ከመካነ ሰላም፣ ከወረኢሉ፣ ከሐይቅ፣ ከባቲ የሚመጣው ሰው የተለያየ ነው፦ ወደ ደሴ ሆስፒታል የምትወሰድ በዘመድ የተደገፈች በሽተኛ፣ ማዳበሪያ ሙሉ እህል የያዘ ገበሬ፣ ሻንጣዋን የጨበጠች አዲስ ገቢ ተማሪ። ጫኝና አውራጁ፣ ረዳቱ፣ ተራ አስከባሪው፣ ሊስትሮው፣ ቆሎ ሻጯም ቀኑን ሙሉ እዚያው ናቸው። ብዙ ጊዜ በተማሪ ፕላን ላይ «የተሳፋሪ መቆያ» የሚል አንድ ትልቅ ክፍል አያለሁ፤ ወንበሮቹ እንደ አውሮፕላን ማረፊያ ተደርድረዋል። የእኛ ተሳፋሪ ግን መኪናው ሞልቶ ጥሎኝ ይሄዳል ብሎ ስለሚሰጋ መኪናውን በማያይበት ክፍል አይቀመጥም። ዕቃውንም ከዓይኑ አያርቅም። ስለዚህ መቆያው ከመኪናው ጎን፣ በረጅም ጥላ ሥር፣ ጀርባው ከነፋስ የተከለለ፣ ፊቱ ወደ ተራው የተከፈተ መሆን አለበት። ዕቃ የሚቀመጥበት ዝቅ ያለ መደብ ይኑረው። ወሎ ነውና ውዱእ የሚደረግበት ውሃና ሶላት የሚሰገድበት ንጹሕ ጥግ ከመጀመሪያው ይታሰብበት፤ በኋላ ሰው በጆንያ አንጥፎ ራሱ የሚፈልገው ነገር እንዳይሆን። መጸዳጃ ቤቱ ደግሞ ለሴቶች የሚሰጠው ብዛት ከወንዶቹ ቢበልጥ ፍትሕ ነው፤ ወረፋው የት እንደሚረዝም ሁላችንም እናውቃለን።

የመናኸሪያ ትልቁ ራስ ምታት ሜዳ መፈለጉ ነው። አውቶብስ ርዝመቱ 12 ሜትር ያህል ነው፤ ለመታጠፍ ሰፊ ቦታ ይፈልጋል፤ የሚቆምበት ወለል ከመቶ ሁለት ወይም ሦስት በላይ ቢያዘነብል ለአሽከርካሪውም ለጫኙም አደጋ ነው። ደሴ ላይ 100 ሜትር ርዝመት ያለው ቦታ ከመቶ አሥር ቢያዘነብል፣ በሁለቱ ጫፍ መካከል የ10 ሜትር ልዩነት አለ። አንድ ወጥ ሜዳ ይሁን ከተባለ በላይኛው ጫፍ 5 ሜትር ተቆርጦ በታችኛው ጫፍ 5 ሜትር ይሞላል፤ ሁለት ትልልቅ ግንቦች፣ በብዙ ሺህ ሜትር ኩብ የሚቆጠር አፈር፣ ከዚያም የሚሰምጥ አስፋልት። ብልህ ተማሪ ግን ቦታውን በሦስት እርከን ይከፍለዋል። የረጅም ርቀት አውቶብሶችን ላይኛው ላይ፣ የወረዳ መኪኖችን መካከለኛው ላይ፣ ሚኒባስና ባጃጅን ከከተማው መንገድ ጋር በሚገናኘው በታችኛው ላይ ያደርጋል። በእርከኖቹ መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት ሦስት ሜትር ቢሆን፣ እዚያ ቦታ ባዶ ግንብ ከማቆም ሕንፃውን ራሱን ያስገባበታል፤ ሱቆቹ ወደ ታች፣ የቲኬት ቢሮዎቹ ወደ ላይ ይከፈታሉ። የወሎ ገበሬ ለማሳው የሠራውን እርከን አርክቴክቱ ለመኪና ሠራው ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፤ አጥብቄ የምናገረውም ነው። በግንቦት 1953 ዓ.ም. ከኮምቦልቻ በስተደቡብ፣ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው የካራቆሬ ከተማ በመሬት መንቀጥቀጥ ተመታች። መጠኑ በሬክተር መለኪያ ከ6 በላይ ነበር። የካራቆሬ ብዙ ቤቶች ፈረሱ፤ በአቅራቢያዋ ያለችው ማጀቴ ሙሉ በሙሉ ወደመች። ደሴና ኮምቦልቻም የቆሙት በዚያው የስምጥ ሸለቆ ጠርዝ ላይ ነው። ተማሪዎቻችን ግን መናኸሪያ ሲነድፉ የሚወዱት አንድ ቅርጽ አለ፦ ታችኛው ፎቅ መኪና እንዲገባበት ግድግዳ የሌለው፣ በምሰሶ ብቻ የቆመ፣ ከላዩ ሁለት ሦስት ፎቅ ቢሮና ሱቅ በብሎኬት የተሞላ። መሬት ሲናወጥ ላይኛው ፎቅ በግድግዳው ምክንያት እንደ አንድ ግትር ሣጥን ይንቀሳቀሳል፤ ጉዳቱ ሁሉ ታች ባሉት ቀጫጭን ምሰሶዎች ላይ ይወድቃል። በተዳፋት ላይ ሌላ ጣጣ ይጨመራል። የላይኛው ጎን ምሰሶዎች አጭር፣ የታችኞቹ ረጅም ይሆናሉ። ርዝመቱ በግማሽ ያጠረ ምሰሶ ግትርነቱ 8 እጥፍ ነው፤ ስለዚህ ሕንፃው ሲወዛወዝ ጉልበቱን ብቻውን ይቀበልና መጀመሪያ የሚሰበረው እሱ ነው። መፍትሔው የታወቀ ነው፤ በሁለቱም አቅጣጫ ከመሠረት እስከ ጣራ የሚወጣ የኮንክሪት ግድግዳ ማስገባት፣ ሕንፃውን በክፍል በክፍል ለያይቶ እያንዳንዱን በራሱ እርከን ላይ ማቆም። ይህ የኢንጂነሩ ሥራ ነው ተብሎ ሊተው አይገባም። ግድግዳው የት እንደሚቆም የሚወሰነው አርክቴክቱ የመጀመሪያውን ንድፍ ሲያወጣ ነው፤ ኢንጂነሩ ሲደርስ መኪና መውጫው ላይ ካልሆነ ቦታ አይተርፍለትም።

ወደ ባቡሩ ልውሰዳችሁ። ከአዋሽ ተነስቶ በኮምቦልቻ በኩል ሐራ ገበያ የሚደርሰውን 390 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሆን መስመር የቱርኩ ተቋራጭ ያፒ መርከዚ መገንባት የጀመረው በየካቲት 2007 ዓ.ም. ነው። ሥራው አብዛኛው ተጠናቅቆ መደበኛ አገልግሎት ሳይጀምር የሰሜኑ ጦርነት በ2014 ዓ.ም. እዚህ ደረሰ፤ መስመሩም፣ ወሎ ዩኒቨርሲቲም፣ የኮምቦልቻ ፋብሪካዎችም ዘረፋና ውድመት ደረሰባቸው። መስመሩ በኮምቦልቻ ያልፋል እንጂ ደሴ ከተማ አይወጣም። ምክንያቱ ሒሳብ ነው። ጭነት የሚጎትት ባቡር በ1,000 ሜትር ከ25 ሜትር በላይ እንዲወጣ አብዛኛውን ጊዜ አይነደፍም። 650 ሜትር ለመውጣት ያለ አንዳች እረፍት 26 ኪሎ ሜትር ይፈልጋል፤ የሐረጎን ጥምዝምዞች ደግሞ ባቡር ሊታጠፍባቸው አይችልም።

ይህ በአገራችን አዲስ አይደለም። ከጅቡቲ የተነሳው ባቡር በ1895 ዓ.ም. ወደ ሐረር መውጣት ስለከበደው ተራራው ግርጌ ቆመ፤ ድሬዳዋ የተወለደችው እንደዚያ ነው። ሐረርና ድሬዳዋም በከፍታ የሚለያዩት በ700 ሜትር ገደማ ነው። የላይኛዋ ከተማ ታሪኳንና ገበያዋን ይዛ ቀረች፤ የታችኛዋ ባቡሩን፣ መጋዘኑን፣ ፋብሪካውን ይዛ አደገች። ኮምቦልቻ ደረቅ ወደቡን፣ የአውሮፕላን ማረፊያውን፣ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀውን የኢንዱስትሪ ፓርክና በባቲ በኩል ወደ ሚሌ የሚወርደውን መንገድ ይዛለች። ስለዚህ የኮምቦልቻን ጣቢያ የሚነድፍ ተማሪ የሚሠራው ለሁለት ከተማ ነው። ከባቡሩ ከሚወርዱት ሰዎች ብዙዎቹ ጉዟቸው አላለቀም፤ ገና ሐረጎን ይወጣሉ። ከባቡሩ በር እስከ ደሴ ሚኒባስ ድረስ በዝናብ ያልተቋረጠ ጣራ፣ ደረጃ የሌለው ወለልና ከ100 ሜትር ያልበለጠ መንገድ ካለ ጣቢያው ግዴታውን ተወጥቷል። እኔ የጣቢያን ንድፍ ስገመግም አስቀድሜ የምፈልገው ያንን መስመር ነው፤ የጣራው ኩርባ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ሜዳው ላይም መሬቱ ይታሰብ። የኮምቦልቻ ሜዳ ቦርከናና ገባሮቹ ያመጡት ደለል ያለበት ነው። ዋልካ አፈር ባለበት ቦታ መሬቱ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ የቀላል ሕንፃን ወለልም ያነሳል። ሴክሽኑ ከመሬት በታችም ይቀጥላል ማለት ነው።

ጁሪ ላይ እነዚህ ሁሉ ጥያቄዎች ይነሳሉ፣ አንዳንዴም በደንብ ይመለሳሉ። የሚያሳዝነኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ቦርዱ ይጠቀለላል፤ ሞዴሉ ስቱዲዮ ጥግ አቧራ ይለብሳል፤ ሳይቱን የለካው፣ መንገደኛውን የቆጠረው፣ ግንቡን ያስተዋለው ልጅ ተመርቆ ይሄዳል። ያንን ጥናት ከተማው አያየውም። ለደሴና ለኮምቦልቻ ከተማ አስተዳደሮች የማቀርበው ጥያቄ ቀላል ነው፤ በየዓመቱ አንድ ልትሠሩበት ያሰባችሁትን እውነተኛ ቦታ ከነቅየሳው ለተማሪዎቹ ስጡ፤ ጁሪውንም በከተማው አዳራሽ አድርጉት፤ ሹፌሩ፣ ተራ አስከባሪውና የሰፈሩ ነዋሪ ወንበር ላይ ይቀመጡ፣ ይጠይቁም። መምህራንም ሴክሽን ያልያዘ ተማሪ ፕላኑን እንዲያቀርብ አትፍቀዱለት። አንባቢ ሆይ፣ አንተም በሚቀጥለው ጊዜ መናኸሪያ ስትቆም ከየት በኩል ነፋስ እንደሚመታህና ውሃው ወዴት እንደሚሄድ ልብ ብለህ ተመልከት፤ የሚሻለውን ካየህም ለሚነድፉት ንገራቸው።